ትታዋለች

ቡሬ፣ ኅዳር 1996 ዓ.ም.

ውድ ትዕዛዙ፣

ውድነትህ በዋጋ ነው፤ ሳንባዬን አስከፍለኸኛል።

ድንቄም የባዮሎጂ መምህር! ፍኖተ ሰላም ላይ ቀኑን ሙሉ "ነጭ የደም ሴል የሰውነት ወታደር ነው" እያልክ ለተማሪ ስትሰብክ ትውላለህ። ቤት ስትገባ መስኮቱን ጠርቅመህ ሲጋራህን ትለኩሳለህ፤ የቄስ ልጅ ትንባሆ አጨሰ እንዳይባል! አንተ ስትደበቅ ጭሱን የምጠጣው እኔ ነበርኩ።

ሳል ሲጀምረኝ "ብርድ ነው" አልከኝ። ቆይቶ እናትህ እማማ ማሚቱ ከአገራችሁ ከፈረስ ቤት ከአባትህ ጋር መጥተው ነጠላዬን አሸተቱና "ምነው ልጄ፣ የሴት ልጅ ነጠላ ትንባሆ ትንባሆ ይላል?" አሉኝ። ዓይን ዓይንህን አየሁህ። አንተ እቴ! እንደ ተበደለ ባል አንገትህን ደፋህ። አባትህ ቄስ ገነነ ሲሰናበቱን አንተን መስቀል አሳለሙህ፤ እኔ ጋ ሲደርሱ ወደ ብብታቸው መለሱት። ከሳሉ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያንቀኝ እሱ ነው።

ሐኪም ቤትማ ባሰብህ። ሐኪሙ "ያጨሳሉ እንዴ?" ብሎ ሲጠይቀኝ ቀድመኸኝ "ታጨስ ነበር፤ አሁን ትታዋለች" አልከው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ሐኪሙም አምኖህ እኔን ይመክረኝ ጀመር። ጭሱ ሲገባ ነጭ የደም ሴሎቹ ጠላት መጣ ብለው ወደ አየር ቧንቧው ይተማሉ፣ ሌሎቹንም ይጠራሉ አለኝ። ለጀርም ያዘጋጁትን መርዝ ይረጫሉ። ጭስ ግን አይሞትላቸውም፤ የሚቆስለው የራሴው ቧንቧ ነው። ያብጣል፣ አክታ ይሞላዋል፣ እነሱም አንዴ ከገቡ በጄ ብለው አይወጡም።

ሳቄ መጣ። ቁርጥ አንተን! ልጠብቅ ብሎ ገብቶ ቤቱን የሚያፈርስ። አይ፣ እነሱስ ይሻላሉ፤ ጠላት መጣ ሲባል ይወጣሉ። አንተ አባትህ ሲመጡ ከቀሚሴ ኋላ ተሸጎጥህ።

ይኸው እህቴ ትሕትና ቤት ነኝ። ሳሉ ቀለል ብሎልኛል፤ ጨርሶ ግን አለቀቀኝም። ለገና ፈረስ ቤት እሄዳለሁ። አባትህ እውነቱን ሰምተው መስቀላቸውን እስኪያሳልሙኝ ድረስ ከደጃቸው አልነሳም። ወንድ ከሆንክ ቀድመህ ንገራቸው። አትነግራቸውም፤ አውቅሃለሁ።

እዚህ ጎረቤቱ "ባሏስ?" እያለ ትሕትናን ይጠይቃታል። የምትመልስለት ያችኑ ያንተን ቃል ነው፤ "ትታዋለች።"

አጭሳ የማታውቀው
ሀብትነሽ