በእውነተኛ ክር የተሰፋ ሐሰተኛ ቦርሳ

ስካንዲቺ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2019

ይድረስ ለልጄ ለኦርኔላ፣ ሮተርዳም፤

የወደቡ ብርድ እንዳልጎዳሽ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በሕይወት አለን፤ ከዚያ አልፈሽ ግን አትጠይቂኝ።

ለእናትሽ ልደት የላክሽው ቦርሳ ደርሷል። «ተመሳስሎ የተሠራ ነው፤ ግን ማንም አይለየውም» ብለሽ ጽፈሻል። ማንም! ቄሱ ሳይቀሩ ስፌትን በአውራ ጣታቸው በሚለዩበት ከተማ፣ ስሙ የተሰረቀበትን የዚያኑ ፋሽን ቤት ቦርሳ እየሰፋ በሚተዳደር ቤት! ከቆዳ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ዳዴ ብለሽ ያደግሽ ልጅ ይህን እንዴት ትጽፊያለሽ? በአገራችን ሻጩ ብቻ ሳይሆን ገዢውም እንደሚቀጣ ታውቂያለሽ። አስመሳዩ የሚሰርቀው ከባለጸጋው ብቻ መሰለሽ? ከአባትሽ ጉሮሮ ጭምር ነው እንጂ። የሰፋውስ ማን ይሆን? በምን ጨለማ ቤት ተቀምጦ? ይህንንም አልጠየቅሽም።

እናትሽ ገና ስትዳስሰው አወቀች። ቢሆንም «ልጄ የላከችልኝ ነው» ብላ አንጠልጥላው ዋለች። ብዙም ሳይቆይ መያዣው ተተረተረ። ታዲያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ፋሽን ቤቱ እየለካ በሚልክልን ክር መልሳ ሰፍታ፣ ከስፌት ቤታችን መስቀያ ላይ ሰቀለችው።

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ የፋሽን ቤቱ ተቆጣጣሪ ወይዘሪት ፓንዶልፊ መጣች።

«ወይዘሮ ኤርሲሊያ፣ ቦርሳው ሐሰተኛ ነው፤ ክሩ ግን የእኛ ነው። ከየት አገኙት?»

«ከሣጥናችሁ ነዋ! ከሰማይ ይውረድ እንዴ?»

«እንግዲያው ሐሰተኛ ቦርሳ እዚህ ይሠራል ማለት ነው።»

«አንቺ ሴት፣ አፍሽን ያዢ!» አልኋት እናትሽን።

«አንተ ያዝ! እኔ መርፌ ይዣለሁ።»

ተቆጣጣሪዋ ውላችንን ልታፈርስ ተነሣች። ውሉ ከፈረሰ ቤቱ ይዘጋል፤ ሠራተኞቹም ይበተናሉ። ለማንም አንገቴን ደፍቼ የማላውቀው ሰውዬ ለመንኋት። በመጨረሻ፣ ቦርሳው ዓይኗ እያየ ከተቆራረጠ ነገሩን እንደምትተወው ተናገረች። ቢላዋውን አነሣሁ። እናትሽ ከእጄ መንጭቃ ወሰደችው። «የልጄን ስጦታ አንተ አትነካውም» አለችና ራሷ በገዛ ስፌቷ ላይ ቀደደችው።

ውሉ ተረፈ። እናትሽ ግን ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ የምትሄደው ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ነው። ከመደርደሪያችን የወደድሽውን አንሺ ብላት፣ ፌስታሏን አንሥታ ወጣች።

ለገና ባዶ እጅሽን ነዪ፤ ብቻ ነዪ።

ይህንም ሁሉ እንዳልጽፍልሽ አስጠንቅቃኛለች። «ቦርሳው ተመችቷታል ብለህ ጻፍ፤ አንዲት ቃል እንዳትጨምር» ብላኛለች። እነሆ ጻፍሁ፤ ተመችቷታል።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ።

አባትሽ ኦሬስቴ