ስለ አክስቴ ኦፓል ሳህን፣ ለማርሎ አውራጃ ምክር ቤት ሰብሳቢ

ለተከበሩ አቶ ሮስ ሃቨርካምፕ
የማርሎ አውራጃ ምክር ቤት ሰብሳቢ
ኢሊኖይ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ጊዜ እርስዎና ባለቤትዎ፣ የምክር ቤቱ አባላት በሙሉ፣ እንዲሁም ባለፈው መስከረም የመታሰቢያው ድንጋይ በተመረቀበት በዓል ዕለት ጉልበታቸውን አሟቸው ለመቆም ተቸግረው የነበሩት ምክትልዎ በፍጹም ጤንነት ላይ እንድትገኙ ምኞቴ ነው። በካንሳስ ያለን የፖታዋቶሚ ነገድ ሰዎች ከአንድ ሰው በስተቀር ደህና ነን። ስለ እኒያ ሰው ከታች እጽፋለሁ።

ዶሪን ዋብኖ እባላለሁ። በበዓላችሁ ላይ ከሕዝቡ በስተኋላ፣ ከተጣጣፊው ጠረጴዛ አጠገብ፣ ቡናማ ሹራብ ለብሳ ምንም ሳትናገር የዋለችው ሴት ነኝና ባያስታውሱኝ አይፈረድብዎትም። መጻፍ የተማርኩት በአብዛኛው ሌሎች አንብበው ከጣሉት ጋዜጣና ከክሊኒክ ወንበር ላይ ከሚገኝ አሮጌ መጽሔት ስለሆነ፣ በማዕረግ አጠራር ላይ ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ። አስቀድሜ በፖስታ የላክሁልዎት ደብዳቤ ምናልባት በምስጋና ደብዳቤዎች ብዛት ተቀብሮ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ስላሰብኩ፣ ይህኛውን በጋዜጣችሁ በኩል ለማድረስ ተገድጃለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ ላመሰግንዎት እወዳለሁ። ከመቶ ሰማንያ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ወታደሮች አያቶቻችንን በኢንዲያና መንደራቸው ለስብሰባ ብለው ወደ ጸሎት ቤት ጠርተው፣ ዙሪያቸውን በጠመንጃ ከበው፣ ጎጆአቸውን አፍርሰው፣ በእናንተ አውራጃ በኩል እስከ ካንሳስ በእግራቸው እንደ ነዷቸው፣ በመንገድም ላይ ብዙ ሰው፣ ከሁሉ ይልቅ ሕፃናቱ፣ እንደሞቱ እኛ ስንናገር ኖረናል። አሁን ግን ምክር ቤትዎ በሙሉ ድምፅ እውቅና ስለሰጠው፣ ነገሩ በእርግጥ መድረሱን እኛም አምነናል።

የግብዣ ወረቀታችሁ የመጣልን ዕለት የአክስቴ ልጅ ዴልበርት (ሚኒባሱን የነዳው፣ ጮክ ብሎ የሚስቀው ሰው ነው) «ባለፈው ለስብሰባ ሲጠሩን ካንሳስ ድረስ በእግር ሄድን። ከካንሳስ ደግሞ ወዴት ሊወስዱን ነው? ጫማ ልግዛ እንዴ?» አለ። አክስቴ ኦፓል፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ከቤተሰባችን በዕድሜ የሁላችንም የበላይ የነበሩት፣ «አንተ ዝም በል። ሰው ጥፋቴን ልናገር ሲል በር አይዘጋበትም» አሉት። ከዚያም እስከ በዓሉ ድረስ ምግብ ሲያዘጋጁ ሰነበቱ።

ይህን ምግብ በሚመለከት አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። በእኛ ቤት ደንብ ጥፋቱን በአደባባይ የተናገረ ሰው ሳይበላ አይሸኝም፤ የሚያበላውም የተበደለው ነው። ከበላ በኋላ ተበዳዩ አንድ ነገር ይጠይቀዋል፤ አጥፊውም በልቷልና እምቢ አይልም። እርስዎ ከጠረጴዛችን የራቁት ይህን ደንብ ባለማወቅዎ ነው ብዬ አምናለሁ። አውቀው ነው የሚለውን ዴልበርትን አልሰማሁትም።

ቅሬታ ማለት ስለሚከብደኝ፣ ከዚህ በታች ያሉትን እንደ ትንንሽ ማስታወሻዎች ይቁጠሩልኝ።

አንደኛ፤ በበዓሉ ላይ ያነበቡት የእውቅና ጽሑፍ አያቶቻችን በአውራጃችሁ በኩል «ተጓዙ» ስላለ ከልብ አመሰግናለሁ። ቃሉ ያምራል። ትኬት የቆረጠ፣ ስንቅ የቋጠረ፣ ከዘመድ የተሰናበተ ሰው ያስመስላል። አክስቴ ግን ከአያታቸው የሰሙትን ሲነግሩን «ያን ጊዜ ሲነዱን» ነበር የሚሉት። ከእንግዲህ ልጆቻችን «ሲነዱን» ባሉ ቁጥር ከእናንተ ጽሑፍ እያየን እናርማቸዋለን።

ሁለተኛ፤ የመታሰቢያው ድንጋይ እጅግ የተወለወለ ነው፤ ሰው መልኩን ያይበታል። የቆመው በአውራ ጎዳናው ዳር፣ ከነዳጅ ማደያው ማዶ ነው። ሰዎቻችን ያደሩበት ሰፈር ግን እዚያ አልነበረም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ በበዓሉ ለእንግዶች ያደላችሁት ቀጭን መጽሔት ራሱ ሰፈሩ በሲካሞር ጅረት መታጠፊያ ላይ እንደነበረ ይናገራል። መታጠፊያው ዛሬ የአውራጃው የመንገድ ሥራ ክፍል ግቢ ነው። በውስጡ የጠጠር ክምር፣ የተሰባበሩ የበረዶ መጥረጊያ መኪኖች፣ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተን የጨው ተራራ አለ፤ ዙሪያውን በሽቦ ታጥሯል። ድንጋዩ ስለምን እዚያ እንዳልቆመ ስጠይቃት ጸሐፊዎ በታላቅ ደግነት «እዚያ እኮ መኪና ማቆሚያ የለም» አለችኝ። ልክ ናት። ያን ጊዜም አልነበረም።

በዚያ መታጠፊያ ላይ አንድ ሕፃን ተቀብሯል። የአክስቴ ኦፓል ቅድመ አያት በዚያ መንገድ ሲነዱ ትንሽ ልጅ ነበሩ፤ ሕፃኑ ታናሽ ወንድማቸው ነው። ገና ጥርስ ማውጣት ጀምሮ ነበር፤ በትኩሳት ሞተ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ እኛ ዘንድ አለ፣ ይበቃዋል። እኛ የሞቱብንን ሳናበላ ስለማንበላ፣ እናቱ ከተሰጣት ደረቅ ብስኩት ግማሹን መቃብሩ ላይ አኖረችና «ይሄ ምግብ አይደለም፤ ደህናውን ይዤልህ እመጣለሁ» አለችው። ወታደሩ ተነሺ አላት። ተነሣች። ዳግመኛ ያን ስፍራ ሳታይ ካንሳስ ውስጥ ሞተች።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን በየመኸሩ ማንም ሳይቀምስ አንድ ሳህን ለእሱ ይወጣል። አክስቴ ግን ሳህኑን ባወጡ ቁጥር «እዚህ የሚበላው በእንግድነት ነው። ቃል የተገባለት እዚያ ነው» ይሉ ነበር። እንግዲህ ካበሉዎት በኋላ ሊጠይቁዎት ያሰቡት አንድ ነገር ይህ ነበር፦ ሳህኑን በመታጠፊያው ላይ እስኪያስቀምጡ ድረስ በሩ እንዲከፈትላቸው። መሬቱን አልፈለጉም። ጨዉንም አልፈለጉም።

በበዓሉ ጠዋት መጀመሪያ የሄድነው ወደዚያ በር ነበር። ተቆልፏል። ዴልበርት ወደ ቢሮአችሁ ደወለ፤ ሰው ጨው ላይ አዳልጦት ቢወድቅ የኢንሹራንስ ጣጣ እንዳለው፣ ደግሞም ዕለቱ ቅዳሜ ስለሆነ ቁልፉን የያዘው ሰው ዓሣ ሊያጠምድ እንደሄደ ተነገረው። ስልኩን ዘግቶ «ወታደሮቹ እኮ ቅዳሜም ይሠሩ ነበር» አለ። አክስቴ ሳቁ። «ተወው። ሰውየው ራሱ ይከፍትልናል፤ በልቶ እምቢ አይልም» አሉ። ሰውየው ያሉት እርስዎን ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ምሳው። አክስቴ ጠረጴዛቸውን ዘርግተው የበቆሎ ሾርባውን፣ የዱር ሩዙን ከአጋዘን ሥጋ ጋር፣ የተጠበሰውን ዳቦ ደረደሩ፤ ከራሳቸው ወንበር ፊት ለፊት ለእርስዎ አንድ ወንበር አኖሩ። እርስዎ ጽሑፉን አንብበው ሲጨርሱ አክስቴ ተነሥተው በቋንቋችን «ሚግዌች» አሉ፤ ምስጋና ነው። ሰው ሲመሰገን ነገሩ ያለቀ ስለሚመስለው፣ እርስዎም እጃቸውን ጨብጠው፣ ፎቶግራፍ ተነሥተው፣ የእናንተ ምሳ ወደተዘረጋበት ነጭ ድንኳን ገቡ። ወደ ድንኳኑ ለመግባት አረንጓዴ የወረቀት አምባር ማሰር ያስፈልግ ነበር። የእኛ ቢጫ ነበር፤ ቢጫው የታሸገ ውሃ ያሰጣል። ውሃው ቀዝቃዛ ነበርና ስለ እሱም አመሰግናለሁ።

አክስቴ ጠበቁ። ሾርባው ቀዝቅዞ ስቡ እስኪረጋበት ድረስ ጠበቁ። ከድንኳኑ ሳቅና የሹካ ድምፅ ይሰማን ነበር። ዴልበርት «መንገዱ ጠፍቶባቸው ይሆናል። ጥቂት ወታደር ልከን እናስመጣቸው?» አለ። ማንም አልሳቀም። ራሱም አልሳቀም።

ለሚቀጥለው ነገር ቁጥር መስጠት አልሆነልኝም። አክስቴ መጠበቁ ሲደክማቸው ሰማያዊ ጠርዝ ባለው ነጭ የብረት ሳህናቸው ከሁሉም ዓይነት በጥቂት በጥቂቱ አወጡ። ክንዴን ይዘው እስከ ድንጋዩ ሄዱና ሳህኑን ከሥሩ አኖሩት። «እስኪ ከዚህ ሆኖ ሽታው ይድረሰው» አሉ። አክስቴን መኪናው ውስጥ አስገብቼ ዘወር ብዬ ባይ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰች ሠራተኛችሁ ሳህኑን ከነምግቡ አንሥታ በጥቁር ላስቲክ ውስጥ ስትጨምረው አየሁ። ተመልሼ ስደርስ ላስቲኩ በቆሻሻ መኪናው ላይ ተጭኖ፣ መኪናውም ሊወጣ ነበር። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። «ይቅርታ እመቤት፣ ምግብ መሬት ላይ ከተተወ ዝይዎቹ ይመጡብናል» አለችኝ። ስለ ዝይዎቹ ያደረጋችሁትን ጥንቃቄ አደንቃለሁ።

አክስቴ ከመኪናው ውስጥ ሆነው ሁሉንም አይተዋል። «ዛሬም ርቦት ሊያድር ነው» አሉ።

የበዓሉን ፎቶግራፍ ያወጣው ጋዜጣችሁ የደረሰን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነበር። ቆርጬ ላስቀምጠው ስል፣ ገጹን ባገላብጠው፣ ልክ ከእርስዎ ፈገግታ በስተጀርባ አንድ የጨረታ ማስታወቂያ አገኘሁ። አውራጃው በመንገድ ሥራ ክፍሉ ግቢ፣ በጅረቱ በኩል፣ መሬቱን ቆፍሮ አዲስ የጨው መጋዘን ለማሠራት ተጫራቾችን ይጋብዛል፤ ቁፋሮው በመጪው መኸር ይጀመራል። በአንድ ወረቀት ሁለት ፊት ይህን ያህል ሥራ ለመሥራት መቻልዎ ያስደንቃል። ለአክስቴ ላንብብላቸው አላንብብላቸው እያልኩ ዋልኩና አነበብኩላቸው። «እንግዲህ ልጁን ሁለተኛ ሊነዱት ነው» አሉ።

አክስቴ ኦፓል በየካቲት አረፉ። ከላይ ደህና አይደሉም ያልኩት ሰው እሳቸው ናቸው፤ እንዲህ ማለቴን ይቅር ይበሉኝ፣ የሞቱ ሰዎችን ከመካከላችን ሳልቆጥር መጻፍ ገና አልለመድኩም። ከማረፋቸው በፊት በነበረው ሰሞን አንድ ጠዋት ወደ አልጋቸው ጠርተውኝ፣ «ያ ሰውዬ አልበላም እንጂ ክፉ አይመስልም። እንደገና ጋብዢው» አሉኝ። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን ይህን አልልም ነበር። ነገር ግን የታዘዝኩት ይህ ስለሆነ፣ ይህን ደብዳቤ እንደ ግብዣ ይቁጠሩልኝ።

በመስከረም የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ከመንገድ ሥራ ክፍሉ በር ፊት ለፊት ጠረጴዛ እንዘረጋለን። ለእርስዎ ወንበር ይኖራል፤ የወረቀት አምባር አያስፈልግዎትም። ሾርባውን የምሠራው እኔ ስለሆንኩ እንደ አክስቴ አይጣፍጥም። ቁልፉን የያዘው ሰው ዓሣውን እንዲተው አልጠይቅም፤ ቁልፉን ለእርስዎ ሰጥቶ ይሂድ። ከበሉ በኋላ አንድ ነገር እንጠይቅዎታለን። ሳይበሉ ሰምተው እምቢ እንዳይሉኝ ብፈራም፣ ቁፋሮው ደርሷልና አስቀድሜ ልንገርዎት፦ ያቺን መታጠፊያ እንዳትቆፍሯት፣ በሩንም ሁለት ሳህን እስክናስቀምጥ ድረስ እንድትከፍቱልን ነው። ጨው የትም ይቀመጣል። አንደኛው ሳህን የሕፃኑ ነው። ሁለተኛው የአክስቴ ነው፤ እዚያ ሄደው ሳይሆን አይቀሩም፣ ቃል ተገብቶለታልና ብቻውን እንዲጠብቅ አይተዉትም።

ለእርስዎና ለክቡር ምክር ቤትዎ ረጅም ዕድሜን፣ የተሟላ ጤንነትን፣ ጸጥ ያለ መኸርንና ማንም ለስብሰባ የማይጠራው ቤተሰብን ከልብ እየተመኘሁ፣ በማይናወጥ አክብሮትና በቢጫ አምባር እንግዳችሁ የነበርኩት፣

ዶሪን ዋብኖ
ሜየታ፣ ካንሳስ

ማስታወሻ፦ በጥቁር ላስቲክ የሄደው ሳህን ከታቹ በፕላስተር ላይ «ኦፓል» የሚል ጽሑፍ አለበት። በእኛ ድግስ ሁሉም ሰው ከሳህኑ ሥር ስሙን ይለጥፋል፤ በስህተት የወሰደው ሰው አጥቦ ለባለቤቱ እንዲመልስ ነው። ከተገኘ ቢመልሱልን ደስታችን ወሰን የለውም። መመለሱ ከከበደ ግን የእኛ እንደነበረ እውቅና የሚሰጥ ጽሑፍ ለማዘጋጀት እንዳይደክሙ እለምናለሁ። እንደዚያ ያለ አንድ አለን፤ ምግብ ግን አይቀርብበትም።