በሦስቱ በዓላት ያልተቀዳው ውኃ

አያ ንዋይ፣ ያስጻፍኸኝን ሁሉ በንጹሕ ብራና ገልብጬዋለሁ። አንተ እየተናገርህ የጻፍሁት በጥድፊያ ስለሆነ አይነበብም። መምሬ «ሳትጨምር ሳትቀንስ ደግመህ ጻፈው» ብለውኛል። አልቀነስሁም። የጨመርሁት ግን አንድ ነገር አለ። ነገ በሰባትህ፣ ከደጀ ሰላሙ ፊት፣ ለሰው ሁሉ ይነበባል። ከሰው በፊት አንተ ስማው።

እኔ የታደሰ ልጅ ንዋይ፣ በሺህ ስምንት መቶ ኀምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ሐምሌ ዐሥር ቀን ረቡዕ፣ ደንጊያ ከወገቤ በታች ሰብሮኝ ብተኛም ልቡናዬ አልታወከም፣ አንደበቴም አልተሳሰረም። በነፍስ አባቴ በመምሬ ገብረመድኅንና በጎረቤቴ በሽማግሌው ማሬ ፊት እናዘዛለሁ። የሚጽፈው ታናሽ ወንድሜ አስረስ ነው፤ በቤታችን ከእሱ በቀር ፊደል የቆጠረ የለም። ትርንጎም ቆማ ትስማ። ባሏ በላይነህ ሰኞ ከእኔ ጋር ጉድጓድ ወርዶ አልወጣም።

አስቀድሜ ስለ ጉድጓዱ። ከጉና በስተጀርባ አባታችን የከፈተው የወርቅ ጉድጓድ ከእንግዲህ አይሠራበት። ሐምሌ ሳያልቅ አፉ በደንጊያ ይደፈን። በላይነህ ያለበት ሁለት ሰው ቁመት ከሚሆን ጭቃ በታች ነው። እሱን አወጣለሁ ብሎ የሚወርድ እዚያው ይቀራል። መምሬ ከአፉ ላይ ቆመው ይፍቱት፤ ጉድጓዱ መቃብሩ ይሁን።

እዚህ ላይ ትርንጎ፣ «ሳታወጡልኝ አትደፍኑትም» አለች። ንዋይም፣ «የሚወጣ ቢሆን እኔ ያለ እሱ አልወጣም ነበር» አላት። ይህም ይጻፍ ብሏል።

ሁለቱ በሬዎቼ ለትርንጎ ይሁኑ። በላይነህ አምስት ክረምት ሙሉ እኔ ከታች ስሆን እሱ ከላይ ሆኖ ገመዴን ይዟል። አንድ ቀን እንኳ አልለቀቀኝም። ሰኞ ሥራው ስለጠናብን ሁለታችንም ወረድን፤ ገመዱን አስረስ ያዘ። የቻለውን አንዱን አወጣ።

በቅሎዬ ለመምሬ ትሁን፤ ለነፍሴ እየዞሩ ያስቡኝ። ማሬ በዚህ ጊዜ በቅሎዋ መስቀል እንደማታውቅና ካህኑንም እንደምትረግጥ አስታወሱን። ንዋይ ሊስቅ ሲል ሕመሙ ያዘው፤ ሁላችንም ጠበቅነው።

ወርቁን የምናጥብበት ገበቴ ለአክስቴ ለወለተጊዮርጊስ ይድረሳት። አባቴ የሞተ ዕለት «ያ ጉድጓድ ልጆቹንም ይበላል» ብላ ወጣች፤ ደጃችንን ሳትረግጥ ይኸው ስድስት ዓመቷ። በኀዘናችን ላይ ረገመችን ብዬ ተቀይሜያት ኖርሁ። እርግማን አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። ሊጥ ታቡካበት።

ቤቱና የገብሱ ማሳ ለአስረስ። የአባታችን ጋቢም የእሱ ነው፤ የቅኔ ቤቱ ጎጆ ይበርዳል ብሎኛል። መስከረም ሲጠባ ወደ ትምህርቱ ይመለስ። ጉድጓዱን አይቅረብ፤ ዶማውንም ስልቻውንም አያንሣ። ይህን ቃሌን ቢሽር አጥንቴ ይፋረደው።

በመጨረሻ ስለ ጥፋቱ። ክረምት ሲገባ ውኃውን ጠዋትና ማታ በስልቻ ካልቀዳነው ምሰሶው የቆመበት አፈር ይርሳል። ዓርብ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ነበር፤ በማግስቱ ቀዳሚት ሰንበት፤ እሑድ ደግሞ ሥላሴ። ሦስቱንም ቀን አልቀዳንም። ሰኞ ረፋዱን ሁሉ ስንቀዳ ውለን ወለሉ ታየን፤ የምሰሶውን እግር ግን አልፈተሽንም። ዶማ ስናሳርፍ የጽዱ ምሰሶ ቀስ ብሎ ጎነበሰ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። በበዓላቱ ውኃ እንዳይቀዳ ያዘዝሁ እኔ ነኝ። ማንም በዚህ አይወቀስ።

ይህን በተናገረ ጊዜ መምሬ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ልጄ፣ ጠይቃችሁኝ ቢሆን ቅዱ እል ነበር» አሉ። ንዋይም ብዕሩን ነክቶ ኑዛዜውን አጸና።

እኔ ጸሓፊው የጨመርሁት ይህን ነው። በጴጥሮስ ወጳውሎስ ዋዜማ ንዋይ፣ «አስረስ፣ በበዓል ውኃ መቅዳት አይከለከልም፤ የእኛስ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በላይነህም የተማሪ ቆሎ ስቆረጥም እንደከረምሁና ሌላ የተማርሁት ነገር ካለ ዛሬ እንደሚታይ ተናግሮ ቀለደብኝ። አላውቅም ለማለት አፈርሁ። «ለመጠጥ የሚቀዳ አይከለከልም፤ ለጉድጓድ የሚቀዳ ግን ሥራ ነው» አልሁ። ከመምህሬ አልሰማሁትም፤ ከመጽሐፍም አላነበብሁትም። ሁለቱም አመኑኝ። በላይነህ ሦስት ቀን ሙሉ ሊተኛ በመሆኑ መረቀኝ። ያዘዘ ንዋይ ነው፤ የፈረድሁ ግን እኔ ነኝ።

ጥፋቱን በራሱ ላይ ሲያደርግ ብዕሩን አስቀምጬ ነበር። ደበሎዬን ይዞ ወደ አፉ ሳበኝና፣ «የምሞተው እኔ ነኝ፤ የምትኖረው አንተ ነህ። ጻፍ» አለኝ። ጻፍሁ።

ምስክሮች፤ መምሬ ገብረመድኅን በመስቀላቸው ባርከው፣ ሽማግሌው ማሬ ብዕር ነክተው። ትርንጎ ምስክር ሁኚ ስትባል፣ «ባሌን በደንጊያ ለሚደፍን ቃል እጄን አልሰጥም» ብላ ወጥታለች። ተናዛዡ በማግስቱ ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ዐረፈ፤ በዚያው ቀን ተቀበረ። ጸሓፊው አስረስ ታደሰ፣ የሰማሁትንም ያደረግሁትንም ጻፍሁ።

አያ ንዋይ፣ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ሚካኤል ነበር። መደብህ ላይ ቁርበቱ እንደተነጠፈ ነው። ሰዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ እኔ ስልቻውን ይዤ ወደ ጉድጓዱ ሄድሁ። ቃልህን የሻርሁት ገና በተቀበርህ ማግስት ነው።

ትርንጎን ከአፉ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ስለ በዓላቱ የፈረድሁትን ሁሉ ነገርኋት። አልጮኸችም፤ አልመታችኝምም። በእጄ ያለውን ስልቻ አይታ፣ «ዛሬስ ሥራ አይደለም?» አለችኝ።

«ሥራ ነው» አልኋት።

ባሏን አገኝላት እንደሆነ ስልቻውን ወደ ውኃው ጣልሁ። እጄ እስኪላጥ ቀዳሁ። ስጀምር ከመሰላሉ አራት እርከን ከውኃው በላይ ይታይ ነበር። ዝናቡ ከጉና ወርዶ ሲደርስብን ደግሜ ብቆጥር ያው አራት ነበር። ትርንጎ ነጠላዋን ተከናንባ ሄደች። እኔ ስልቻውን እንደገና ጣልሁት።