በባዶ ሆድ ሰው አይመዘንም፦ የአቶ ልሳነወርቅ ገብረየስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ልሳነወርቅ ገብረየስ ከአባታቸው ከአቶ ገብረየስ ኪራኮስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርሃነሽ ደምሴ ጥር 13 ቀን 1946 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ሸዋ በር ሠፈር ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ጥያቄ ጠይቀው መልሱን ከሰሙ በኋላ፣ ያንኑ ጥያቄ ለሌላ ሰው ደግመው የመጠየቅ አመል ነበራቸው። እናታቸው በዚህ ይማረሩ እንደ ነበር ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ ህይወት፣ ማለትም የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የሩሃማ እናት፣ ዛሬም እየሳቁ ያወራሉ።

ጋሼ ትምህርታቸውን በደሴ አጠናቀው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ ማጥናት ቢጀምሩም ዘመኑ አላስቀመጣቸውም። በሱዳን በኩል ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ገቡ። አርሊንግተን በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ በካሸርነት እየሠሩ፣ የሠራተኛ አመራረጥን የሚያጠናውን የሳይኮሎጂ ዘርፍ ተምረው በማስተርስ ተመረቁ።

በ1988 እዚያው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ከወይዘሮ የወይንሐረግ ታምሩ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋቡ። ከዚያ በፊት ግን ሁለቱ የሙሽራዋ አክስቶች በተለያየ ቀን ጠርተው በጥያቄ አፋጠዋቸዋል፤ ሁለቱም ሳይመካከሩ «ይሁን» አሉ። ሁለት ፈታኝ ማለፍ እንዴት ደስ እንደሚል የቀመሱት ያኔ ነው። ትዳሩም በማቲያስና በሶልያና ተባረከ።

በ1994 ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ፣ አረጋውያንን በየቤታቸው የሚንከባከቡ ሠራተኞችን በሚቀጥር ድርጅት ውስጥ ሥራ ጀመሩ። ሥራቸው አመልካቾችን ቃለ መጠይቅ አድርጎ ከአምስት ነጥብ መስጠት ነበር። ዓይናቸው ሰው አይስትም ተብሎ ስማቸው እስከ ጎረቤት ከተማው ጌይተርስበርግ ናኘ። እሳቸውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ወሬ አልጠሉትም።

በ2003 ከፋሲካ በኋላ ነው ነገር የመጣው። ጋሼ አዲስ ባልደረባ ለማሠልጠን በሁዳዴ የተቀረጹ የራሳቸውን ቃለ መጠይቆች እንደገና አዩ። የቀድሞውን ነጥብ ሸፍነው አዲስ ነጥብ ሰጡ። ካሰች የምትባል አመልካች ያኔ ሁለት አግኝታ ወድቃ ነበር፤ አሁን አራት ሰጧት። ሌሎቹንም ሲያዩ ያው ሆነ። ጠዋት የተጠየቁት ነጥባቸው አልተለወጠም፤ ከቀትር በኋላ የተጠየቁት ግን ያለ ጥፋታቸው ወድቀዋል። ጋሼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾሙ ነበርና የፈረደው ረኀባቸው ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ከገዙ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ለአለቃቸው ቢናገሩ ሥራቸውን ሊያጡ ነው፤ ዝም ቢሉ እነዚያ ሰዎች ያለ ሥራ ሊቀሩ ነው። ባለቤታቸውን ሲያማክሩ ወይዘሮ የወይንሐረግ፦

«የቤቱን ዕዳ፣ ሞርጌጁን፣ እንደምንም እንወጣዋለን። የሰው እንጀራ ዘግተህ ግን እንዴት ትቆርባለህ?» አሏቸው።

በነጋታው አለቃቸው ዘንድ ገብተው፣ የድርጅቱ መለኪያ የማይታመን መሆኑንና መለኪያውም ራሳቸው መሆናቸውን ተናገሩ። አለቃቸውም ያበላሹትን ራሳቸው እንዲያስተካክሉ አዘዟቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይቀርብ ጀመር። ሁለት ፈታኞችም ነጥባቸውን ሳይነጋገሩ ይሰጣሉ። በጾም ወራት ደግሞ ጋሼ ከቀትር በኋላ ማንንም አይፈትኑም። አንድን ሰው ዛሬ ብቁ፣ ነገ የማይረባ የሚል መለኪያ በሰው እንጀራ ላይ መፍረድ የለበትም ይሉ ነበር።

በሁዳዴ የጣሏቸውን ሁሉ ይቅርታ ጠይቀው መልሰው ጠሩ። ካሰችን ጨምሮ ብዙዎቹ አለፉ። ጥቂቶቹ ግን በሁለቱም ፈታኞች ዘንድ እንደገና ወደቁ፤ አይነገርም እንጂ ጋሼ በዚህም ተደስተዋል፤ መለኪያው ሠርቷላ!

አመሉ ሥራ ቦታ አልቀረም። ደብራችን ባዘጋጀው የድፎ ዳቦ ውድድር ላይ የጋጋሪዎቹን ስም ሸፍነው፣ ዳኞቹን አራርቀው አስቀመጡ። ወይዘሮ የወይንሐረግ ሦስተኛ ወጡ። ያን ሰሞን ጋሼ ራታቸውን ራሳቸው አሞቁ።

እ.ኤ.አ. በ2019 በክብር ጡረታ ወጡ። የኩላሊት ሕመም ሲጸናባቸው፣ ያኔ የድርጅቱ የሥልጠና ኃላፊ የነበረችው ካሰች ልትጠይቃቸው መጣች። ከደጃፍ ቆማ፦

«ጋሼ፣ ዛሬ በልተዋል? ካልበሉ አልገባም» አለቻቸው።

ጋሼ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳትለያቸው አስታማቸዋለች።

አቶ ልሳነወርቅ በተወለዱ በ71 ዓመታቸው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ጾሙ ተፈትቶ፣ በበዓለ ሃምሳ፣ ቤተ ሰባቸው ከብቧቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እህታቸውንና የልጅ ልጃቸውን ሰሊናን ትተውልን ሄደዋል።

ይህን ስጽፍ የእሳቸውን ሕግ አክብሬ ወይዘሮ የወይንሐረግን፣ ማቲያስን፣ ሶልያናንና ካሰችን ለየብቻ ጠርቼ፣ ከበሉ በኋላ፣ ለጋሼ ከአምስት ስንት እንደሚሰጡ ጠየቅኋቸው። ሦስቱ አምስት ሰጡ። ወይዘሮ የወይንሐረግ እንባቸውን እየጠረጉ አራት ሰጡ፤ ድፎ ዳቦውን አልረሱትም። ጋሼ ቢሰሙ ከአምስቶቹ ሁሉ ይልቅ በዚህች አራት ይደሰቱ ነበር፤ ያለዚያማ እንዳልተመካከሩ በምን ይታወቅ ነበር?

እንግዲህ ጋሼ፣ አሁን የቀረቡት ሁለተኛ ፈታኝ ከማያስፈልገው ዘንድ ነው። እርሱ በምሕረቱ ይመዝንዎ፤ ነፍስዎን ከደጋጎቹ ጋር ከማዕዱ ያስቀምጥልን። አሜን።