ርጥብ ዩኒፎርምሽና የችግኝ ከረጢቶቼ

ነርስዬ፣

ከአዳር ስትመለሺ እኔ የለሁም። ከበቆሎ ስታርች የሠራኋቸውን፣ ከችግኙ ጋር ተቀብረው የሚበሰብሱትን ከረጢቶች ይዤ ችግኝ ጣቢያ ሄጃለሁ።

ወጥ ቤት ከረጢቶቼ አጠገብ የሰቀልሽውን ርጥብ ዩኒፎርም እንዳታወርጂው!

አዎ፣ ትናንት «መስቀያ አጣሽ? ሥራዬን አበላሸሽብኝ!» ብዬ የጮህኩብሽ እኔው ነኝ።

ጠዋት ስነሳ ግን ጉድ አየሁ። ማለስለሻውን ግሊሰሪን ያበዛሁባቸው፣ ለችግኝ ጣቢያዋ ሴትዮ ልወስዳቸው የመረጥኳቸው ከረጢቶች፣ ከልብስሽ የወጣውን እርጥበት ጠጥተው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ገና ስነካቸው ተበጠሱ። ግሊሰሪን ያሳነስኩባቸውስ? እነዚያ እንደ ደረቅ ቅጠል ሲሰበሩ የነበሩት ዛሬ ባጥፋቸው፣ ብጎትታቸው፣ ወይ ፍንክች! ለካ ውሃውም እንደ ግሊሰሪኑ ያለሰልሳቸዋል፤ ሁለቱም ሲበዙ ነው ጣጣው። ስለዚህ ይዤ የሄድኩት ግሊሰሪን ያሳነስኩባቸውን ነው።

ችግኝ ጣቢያው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲረጭበት ነው የሚውለው። የመረጥኳቸውን ይዤ ሄጄ ቢሆን ኖሮ አፈሩ በሴትዮዋ ቀሚስ ላይ ይዘረገፍ ነበር። ከውርደት አወጣሽኝ፣ እህቴ።

ምሳሽ ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀሽ ብዪ።
መስኮቱን አትክፈቺው፤ የቀሩት ደረቆቹ ከረጢቶች እርጥበቱን ይጠጡ።
በሩን በቀስታ ዝጊ ስልሽ የምትሰሚኝ መቼ ይሆን?
እሺ፣ ዛሬ አልናገርም።

ሴትዮዋ ከረጢቶቹን ከተቀበለችኝ አንድ የሎሚ ችግኝ ለምኜ አመጣልሻለሁ።
እምቢ ካለችም አመጣልሻለሁ፤ ገዝቼ።