ፈቃዴን በፖስታ አልልክም

ሪዲጋማ፣ ከኤሳላ ሙሉ ጨረቃ በዓል ማግስት

ጫካው ገዳም ውስጥ ላለው ልጄ ለሩዋንታ፤

እንደምን ከርመሃል ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ግን ደህና መሆንህን ራስህ ነግረኸኛል። «ልቤ እንዲህ ሰላም አግኝቶ አያውቅም» ብለህ ጽፈሃል። እንኳን ደስ አለህ። እዚህ ያለነው ሰላም የለንም፤ ምናልባት ስትሄድ ጠቅልለህ ይዘኸው ሄደህ ይሆናል።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። ሚስትህ ዲልሩክሺ ከልብስ ስፌት ፋብሪካው እስክትመለስ መታገሥ አቅቶኝ መነጽሬን ፈልጌ ለብቻዬ አነበብኩት። በሚቀጥለው ወር ራስህን ተላጭተህ ቢጫውን ልብስ ልትለብስ ነው። ደንቡ የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል፤ አባትህ ደግሞ የለም። ስለዚህ «እማዬ፣ ፈቃድሽን ጽፈሽ በፖስታ ላኪልኝ» ትለኛለህ። ልክ የመብራት ደረሰኝ ላኪልኝ እንደማለት! ወረቀቱን አገላብጬ ፈለግኩ፤ የሚስትህ ስም የትም የለም። ደንቡ እሷን አይጠይቃትማ! አንተም ደንብ አክባሪ ሆነህ አረፍከው።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ መንደሩን ዞሯል። ጎረቤታችን ሱሚትራ አንድ ዘለላ ሙዝ ይዛ እየሮጠች መጣች።

«እትዬ ፒያሲሊ፣ አንቺ የታደልሽ! የመነኩሴ እናት ልትሆኚ! ይሄ ሁሉ ጽድቅ ላንቺ እኮ ነው!»

«አንቺ ሦስት ወንዶች አሉሽ አይደል? አንዱን ላኪና አንቺም ታደዪ» አልኳት።

«ውይ እትዬ፣ የኔዎቹማ ሥራ አላቸው።»

«የኔውስ ምን ነበረው? ዝንብ እሽ ሲል ነበር የሚውለው?»

ሙዟን አስቀምጣ ሄደች። እስካሁን አኩርፋኛለች። ሙዙ ግን ጥሩ ነበር፤ ልጅህ ሴኑሊ በላችው።

ሥራ ስል የጻፍከው ትዝ አለኝ። «ዓመት በዓመት ያንኑ የሳይንስ ትምህርት ለማይሰሙ ልጆች መድገም ትርጉም ያለው ሕይወት አይደለም» ብለሃል። ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንኑ ሩዝ ለማይሰማ ሰው ስቀቅል ኖሬያለሁ። የማይሰማው ሰው አንተ ነህ። ትርጉሙ ጠፋኝ ብዬ ድስቱን እሳት ላይ ጥዬ ጫካ አልገባሁም።

መንገዱን ጠልቼ እንዳይመስልህ። ጠዋትና ማታ አበባ ይዤ የምሰግድ ሴት ነኝ። ለገዳሙ ምግብ የምናደርስበት ተራ ሲደርሰን፣ ወጡ እንዳይፈስ በአውቶቡስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አቅፌው የምሄደው እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ቢነቃ፣ ከዚህ ከመወለድና ከመሞት አዙሪት ቢወጣ ደስታዬ ነው። የምቆጣው በመንቃትህ አይደለም። ሌላው ሰው የተኛ ይመስል በጣትህ ጫፍ ረግጠህ ስለወጣህ ነው።

ባለፈው ተራችን ስንመጣ ነጭ ለብሰህ ግቢውን ስትጠርግ አገኘሁህ። ከስተሃል። ክሳትህን አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩና ስለ ቤቱ ነገርኩህ፤ ዝንጀሮዎቹ የጣሪያውን ሸክላ ሰባብረውት ዝናቡ ሴኑሊ አልጋ ላይ እየወረደ ነው አልኩህ። ቀና እንኳን ሳትል «እማዬ፣ ሁሉም ነገር ኃላፊ ነው» አልከኝ።

«ቅጠሉስ ኃላፊ አይደለም? ታዲያ ምን አስጠረገህ?»

ፈገግ አልክ። ያን ፈገግታ ጠላሁት። ያንተ አይደለም፤ እዚያ የተማርከው ነው። ያንተን አውቀዋለሁ፤ ስትስቅ ጆሮህ ይቀላል። ለማንኛውም በማግስቱ ዲልሩክሺ ራሷ ጣሪያ ላይ ወጥታ አዲስ ሸክላ አስገባች። እኔ መሰላሉን ይዤ ከሥር እሳደብ ነበር። ማንን እንደምሰድብ ታውቃለህ።

«ቡድሃስ ራሱ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ትቶ ሄዶ የለም ወይ?» ብለህ ልትመልስልኝ ነው። ሄዷል። አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ታሪክ ነው። ግን የነቃው ሰው ወደ ቤቱ ተመልሷል። ከዚያም ልጁን ራሁላን ሳይቀር ሲያመነኩሰው፣ ሽማግሌው አባቱ ንጉሡ ፊቱ ቀርቦ የልጅና የልጅ ልጅ መለየት እስከ አጥንቱ ድረስ እንደዘለቀው ነገረው። ቡድሃ «ሁሉም ኃላፊ ነው» ብሎ አልመለሰለትም። አዳመጠው። ወላጆቹ ካልፈቀዱ ማንም ልጅ አይመንኩስ የሚለው ደንብ የወጣው ያን ጊዜ ነው። አንተ በፖስታ የምትጠይቀው ነገር የአንድ ሽማግሌ እንባ ነው።

ይህን ሁሉ ሳብሰለስል ሰንብቼ ትናንት፣ ከቤተ መቅደስ ስንመለስ፣ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ዲልሩክሺ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የሴኑሊን ፀጉር ታበጥር ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩና አልኳት፦

«ስሚ፣ ፈቃዱን ላንቺ ሰጥቼሻለሁ። ደንቡ ባይጠይቅሽ እኔ ጠየቅኩሽ። እንቢ በይ፤ እኔም እንቢ እላለሁ።»

ማበጠሯን እንኳን አላቆመችም። «ይሂድ፣ እማዬ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ይሂድ። እዚህ እያለም እኮ እዚህ አልነበረም። ግድግዳ ግድግዳ እያየ ሲበላ ስንት ጊዜ አየሁት! አስሬ ባመጣው ምን ይሠራልኛል?»

«ልጅቷስ?»

«አባቴ መነኩሴ ነው ትላለች። ቤት ውስጥ ተቀምጦ ከሚያኮርፍ አባት ይሻላታል።»

«አንቺም ነቅተሽልኛላ!» አልኳት ተናድጄ።

«ከፋብሪካው አውቶቡስ ቀድሜ ካልነቃሁ ማን ያበላናል?» ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው የሳቀችው። ከዚያ የልጅቷን ፀጉር ጎንጉና ጨረሰችና ሩዝ ልታጥብ ገባች።

እኔ እዚያው በረንዳው ላይ ቀረሁ። ይኸው ስንት ወር ለሚስትህ ብዬ ስቆጣ፣ ለልጅህ ብዬ ስቆጣ ነበር። ሚስትህ ፈቀደች። ቁጣዬ ግን አልበረደም፤ እንዲያውም ባሰበት። ያኔ ነው የማን እንደሆነ ያወቅኩት። የራሴ ነው። ለማንም ብዬ አይደለም። ልጄን ለማንም መስጠት አልፈልግም፤ ለቡድሃም ቢሆን።

ስትመነኩስ ምን እንደሚሆን አሳምሬ አውቃለሁ። ጡት ያጠባሁትን ልጅ «እርስዎ» እለዋለሁ። እግርህ ሥር ተደፍቼ እሰግድልሃለሁ፤ ይህ ይሁን፣ ወገቤን ቢያመኝም እሰግዳለሁ። ምግብ ባመጣልህም ሳህኑ ውስጥ ጨምሬ ወደ ኋላ እላለሁ። የማልችለው አንድ ነገር ነው። የሴት እጅ መነኩሴን አይነካም፤ የእናቱም እጅ ቢሆን። ብትታመም ግንባርህ ትኩስ መሆኑን ከሌላ ሰው ነው የምሰማው። ይህን ስታስብ ነበር ወይ፣ «በፖስታ ላኪልኝ» ስትል?

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው። የገዳሙ አለቃ ቢቆጡም ይቆጡ። በፖስታ የሚመጣ ፈቃድ የለም። እንደ ማንኛውም ልጅ በበሩ ገብተህ፣ ፊቴ ተንበርክከህ ጠይቀኝ። እጄን ራስህ ላይ አደርጋለሁ። ፀጉርህ ሳይላጭ እዳብሰዋለሁ፤ ጆሮህን፣ አንገትህን፣ የከሳ ትከሻህን እነካለሁ። አትቸኩል፣ ሰዓት አትይ፣ ያን የተማርከውን ፈገግታ አታሳየኝ። ሲበቃኝ እጄን አነሣና «ፈቅጃለሁ» እልሃለሁ።

እስከ ዛሬ ግን በቅቶኝ አያውቅም።

ቡድሃና ትምህርቱ፣ ማኅበረ መነኮሳቱም ጥላ ይሁኑህ። ጫካው እባብ አለበትና ስትረግጥ እያየህ ርገጥ።

የተቆጣችው እናትህ
ፒያሲሊ