ማሩ ለምን ፈጠነ

ሰኞ፣ የካቲት 9፣ ከቀኑ 10፡00
ውሃው አልወርድ አለ። ሁለት የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አፍ ለአፍ ገጥመን፣ ክዳኖቹን በማስቲሽ አጣብቀን፣ መሃላቸውን በስተን ገለበጥነው። ትንሽ ተንቦጫረቀና ቆመ። ቤዛ ቀዳዳው ተደፍኗል ትላለች። (ቤዛ የክፍሌ ልጅ ናት፣ የፊዚክስ ፕሮጀክቱን አብረን ነው የምንሠራው፤ የትኛው ፈሳሽ ቶሎ እንደሚወርድ እንለካለን። ሲጨንቃት ጥፍሯን ትበላለች።) አልተደፈነም። አየሩ መውጫ አጥቶ ነው። መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ወርደን አንድ ምድጃ ሠሪ በጋለ ምስማር ሁለተኛ ቀዳዳ አወጣልን። አንዱ ለውሃ፣ አንዱ ለአየር። ወረደ! ደብተሬ፣ ቤዛ መንገድ ላይ ጨፈረች። እኔ አፈርኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 11
ከት/ቤት መልስ እማዬ ሱቅ። ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ናት፤ ዘይትና ማር ትሸጣለች፣ ስለዚህ የምንለካው አልቸገረንም። ለየፈሳሹ አንድ አንድ ጥንድ ጠርሙስ አበጀን። ውሃው ወዲያው ወረደ። ዘይቱ ቀስ አለ። ማሩ ግን ሌላ ነው፤ እሱ እስኪወርድ ሁለታችንም የሒሳብ የቤት ሥራችንን ጨረስን። እማዬ ሳቀችብን። ቲቸር አንዴ የተለካ አይታመንም፣ ድገሙት ብሏል። ነገ።

ሐሙስ፣ የካቲት 12
ጓዳ ያለው የድሮው ማር ተሟጧል። የቀረው እኛ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። እማዬ በር ላይ ካለው ከአዲሱ ጀሪካን በሌላ ጥንድ ጠርሙስ ቀዳችልን፤ ጋሼ ከድር ማክሰኞ ያመጣው ነው። ገለበጥነው። ደብተሬን ሳልገልጥ ግማሹ ወርዷል!

እማዬ የሰው ዕቃ ሚዛን ላይ ትታ መጣች።
"ድገሚው።"
ደገምኩት። ያው ነው።
"ውሃ ገብቶበታል" አለች፣ ለራሷ።

አዎም አላልኩ፣ አይደለምም አላልኩ። ጋሼ ከድር እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ማር የሚያመጣልን ሰው ነው። አባዬ የሞተ ጊዜ ከበራችን አልተለየም። ራት አልበላ አለኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 13
ከጁምዓ በኋላ መንገዱ ጢም ብሏል። ጋሼ ከድር እንደ ሁልጊዜው ሰላም ሊለን ብቅ አለ። እማዬ ሰላምታውን እንኳ አልመለሰችም።
"ከድር፣ ማርህን ውሰድ።"
"ምነው? ምን ሆነ?"
"ልጄ ለክታዋለች። ውሃ አለበት።"

ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። ጋሼ ከድር እሷን ትቶ እኔን አየኝ። ጀሪካኑን ተሸካሚ ሳይጠራ ራሱ አንስቶ ሄደ።
ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 16፣ ከቀኑ 11፡30
ቲቸር ውጤታችንን አይቶ የጠየቀው አንድ ነገር ነው። ማሮቹ የት ነበር የተቀመጡት? ቤዛ እኔን አየች። የድሮው ጓዳ ውስጥ፣ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ። አዲሱ በር ላይ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ፀሐይ ሲመታው።

ከት/ቤት በሩጫ። ጠርሙሶቹ ውስጥ የቀረውን የሁለቱንም ማር እኩል አድርገን፣ ጎን ለጎን አንድ ሳፋ ውሃ ውስጥ ከተትናቸው። ሙቀታቸው እስኪስተካከል ብዙ ጠበቅን። እኩል ገለበጥናቸው። እኩል ወረዱ። ቤዛ ጮኸች። እኔ መደሰት አቃተኝ። እማዬ ከጀርባችን ቆማ ታያለች።
"ሙቀቱ ነው እማዬ። ማሩ ምንም አልሆነም።"
"በሰው ፊት ነው የተናገርኩት" አለች። ሻርፗን አስተካክላ ሱቁን መቆለፍ ጀመረች። ጠርሙሶቹን ላነሳ ስል፣ "ተያቸው። አፍ አለኝ፣ ራሴ እነግረዋለሁ" አለችኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 17
ትናንት የሆነውን ልጻፈው። በርበሬ በረንዳ ሄድን፤ የጋሼ ከድር መጋዘን እዚያ ነው። በበርበሬው የሚያስነጥሰው ሰው ብዛቱ። እማዬ ወደ ውስጥ አልገባችም። ከበሩ ላይ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ፦
"ተሳስቻለሁ ከድር። ማርህ ደህና ነው።"
እሱ ወደ በሩ መጣ።
"ይሄን ሁሉ ዓመት ሲቀምሰው የኖረ ምላስሽ የት ሄዶ ነው በጠርሙስ የለካሽኝ?"

እኔ እንዴት እንደተሳሳትን ላስረዳው ሞከርኩ፣ ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ጓዳው። እስክጨርስ ሰማኝ። በርጩማ አውጥቶ ሻይ አዘዘልን። ግን ጀሪካኑን ለሌላ ሰው ሸጦታል። የሚቀጥለው ጭነትም ቃል ተገብቶበታል። ከዚያ በኋላስ? እናያለን፣ አለ። ባዶ እጃችንን ተመለስን።

ረቡዕ፣ የካቲት 18
ከቤዛ ጋር ተጣላን። የሐሙሱ ልኬት ሪፖርቱን ያበላሸዋል፣ እናውጣው ትላለች። አይወጣም አልኩ፤ ስህተቱም፣ ምክንያቱም ይጻፋል። አኮረፈች። ኋላ መጥታ ግራፉን ራሷ ሣለችው፣ ሁለቱንም መስመር።

የማሩ መደርደሪያ ባዶ ነው። ደንበኞች ይጠይቃሉ፣ እማዬ የለም ትላለች። ከሰዓት አንድ ሌላ ነጋዴ ናሙና ይዞ መጣ። ጥሩ ማር ነው፣ እኔም ቀመስኩት። እማዬ አመስግና ሸኘችው። ለምን እንዳልወሰደች ጠየቅኳት። የከድርን እየጠበቅኩ ነው አለች።
"ካመጣ ነዋ" አልኳት።
"እስኪያመጣ" አለች።